ለፔሌት ስቶቭ ከውጭ አየር ማስገባት፦ ከቦታ መረጣ እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ብርዱ በሚበረታባቸው የአሜሪካ ግዛቶች፣ ሚኒሶታም በሉት ኮሎራዶ ወይም ዋሽንግተን ስቴት፣ ቤት ስትገዙ ሳሎኑ ጥግ ላይ ፔሌት ስቶቭ የሚባል የቤት ማሞቂያ ምድጃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ፔሌት ማለት ከሰጋቱራ ተጨምቆ የተሠራ ትንንሽ የእንጨት ፍሬ ነው። 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ በሚይዝ ከረጢት ይሸጣል። ከላይ ያለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። ከዚያ በሞተር የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት ጥቂት በጥቂት ወደ ማቃጠያው ይጥለዋል፣ ማራገቢያው ደግሞ ጭሱን እየሳበ በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ጭስ ማውጫው ነው፣ ልክም ነው። ግን ማራገቢያው ያንን ሁሉ ጭስ ሲያወጣ በምትኩ የሚገባው አየር ከየት ነው የሚመጣው? መንገድ ካላበጃችሁለት ቤቱ በራሱ መንገድ ይፈልጋል፣ እሱ የሚመርጠው መንገድ ደግሞ ሁሌ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ከምድጃው ጀርባ እስከ ውጭ ግድግዳ አንድ የብረት ቱቦ እንዘረጋለን። ከባድ ሥራ አይደለም፣ ድሪል መያዝ የሚችል ሰው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል፤ ግን ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉት፣ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ለምን የክፍሉ አየር አይበቃም?

አንድ ኪሎ እንጨት በደንብ ለመቃጠል ቢያንስ ወደ 6 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በተግባር ምድጃው የዚህን እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል። እጥፉን ብቻ ብንይዝ እንኳ አንድ ከረጢት ፔሌት ከ200 ኪሎ በላይ አየር ይበላል፣ ይህም ወደ 180 ሜትር ኩብ ነው። አራት በአምስት ሜትር የሆነ፣ ጣሪያው ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ሳሎን የሚይዘው 50 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ አንድ ከረጢት ነዶ ሲያልቅ ከሦስት ሳሎን በላይ አየር፣ ያውም በገንዘባችሁ ያሞቃችሁት አየር፣ በቱቦው ወጥቷል። በምትኩ ቀዝቃዛው አየር በመስኮትና በበር ስንጥቅ ይገባል። ምድጃው አጠገብ እየሞቃችሁ መኝታ ቤት ገብታችሁ የምትንቀጠቀጡት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ገንዘቡ ይቅር፣ ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። አዳዲስ ቤቶችና መስኮታቸው የተቀየረላቸው አሮጌ ቤቶች በጣም ጥብቅ ናቸው፣ አየር እንደ ልብ አያስገቡም። እዚያ ቤት ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ አለ፣ የልብስ ማድረቂያ አለ፣ የኩሽና ጭስ መሳቢያ አለ። የኛ ሰው ደግሞ እንጀራ ሲጋግር ወይም ወጥ ሲያቁላላ የኩሽናውን መሳቢያ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ለሰዓታት ነው የሚያስኬደው። ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድ በደቂቃ ከ400 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ለሚስብ የኩሽና ማራገቢያ ተተኪ አየር ማስገቢያ እንዲኖረው የሚያዘው በከንቱ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ከምድጃው ጋር አየር ይሻማሉ። ተሸናፊው ምድጃው ከሆነ እሳቱ ይዳከማል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ ጭስም ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። ተሸናፊው በጋዝ የሚሠራው ቦይለር ከሆነ ደግሞ የሱ ጭስ በራሱ ቱቦ ተመልሶ ይገባል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዞ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ምን እንደሚያደርግ ለኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብተው ተኝተው በዚያው ስለቀሩ ሰዎች ሳንሰማ ያደግን የለንም። ሽታ የለውም፣ አይታይም።

በዋሽንግተን ስቴት፣ እንዲሁም በመላው አሜሪካ ፋብሪካ ተሠርተው በሚመጡት፣ ሞባይል ሆም በሚባሉት ቤቶች፣ የውጭ አየር ማስገባት ግዴታ ነው። የምድጃዎቹ መመሪያ መጽሐፎችም ይህንኑ ይጽፋሉ። በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። እኔ ግን ግዴታ እንደሆነ ቆጥራችሁ ሥሩት እላለሁ።

ድሪል ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ የምድጃውን መመሪያ መጽሐፍ ፈልጉ። ከጠፋ የሞዴሉ ስም ከምድጃው ጀርባ ወይም በማጠራቀሚያው ክዳን ውስጥ በተለጠፈ ሳህን ላይ ይገኛል፣ በሱ ስም መጽሐፉን ኢንተርኔት ላይ ታወርዳላችሁ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የአየር ማስገቢያው ቱቦ ውፍረት (ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት)፣ የሚፈቀደው ርዝመት፣ የሚፈቀደው የመታጠፊያ ብዛት። ብዙዎቹ ላይ ማስገቢያው 2 ኢንች ነው፣ 3 ኢንች የሆኑም አሉ። ቱቦው ሲረዝም መጽሐፉ ወፍራም ቱቦ እንድትጠቀሙ ሊያዝ ይችላል። እኔ እዚህ የምጽፈውና መጽሐፉ የሚለው ከተጋጩ መጽሐፉን ስሙ።

ቀጥሎ የከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ጋ ደውሉ። አንዳንድ ቦታ ለዚህ ፈቃድ ይጠየቃል፣ አንዳንድ ቦታ አይጠየቅም። ኢንሹራንስ ላላችሁም ለኩባንያው አሳውቁ፤ እሳት ነክ ነገር ላይ ያልተነገረው ሥራ ነው በኋላ ጣጣ የሚያመጣው። ተከራይ ከሆናችሁ የአከራዩን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። የሰው ግድግዳ ነው የምትበሱት።

ምን ምን ያስፈልጋል

የምድጃው አምራች ለሞዴሉ የሚሸጠው የውጭ አየር ዕቃ ካለ እሱን ግዙ፣ መገጣጠሚያው ስለሚስማማ ከብዙ ድካም ያድናችኋል። ከሌለ ለየብቻ ይሰበሰባል፦ ተጣጣፊ የብረት ቱቦ፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፍ የላሜራ እጅጌ፣ የግድግዳ ሽፋን ሳህን፣ ለውጭው ጫፍ ወንፊት ያለው ኮፍያ፣ ሁለት ፋሼታ፣ የአሉሚኒየም ቴፕ፣ ለውጭ የሚሆን ሲሊኮን እና ቱቦውን የሚያለብስ የፋይበር ኢንሱሌሽን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቄ ልናገር። አንደኛው፣ ቱቦው ብረት ብቻ ይሁን። ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ ወይም ለልብስ ማድረቂያ የሚሸጠው ነጭ ፕላስቲክ ቱቦ አይሆንም። «ቀዝቃዛ አየር ብቻ ነው የሚያልፍበት፣ ምን ይሆናል?» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ እሳቱ ግን ወዲያው አይጠፋም። በዚያን ሰዓት ሙቀትና ጭስ በማስገቢያው በኩል ወደ ኋላ ሊመጣ ይችላል። ብረት ይችለዋል፣ ፕላስቲክ ይቀልጣል።

ሁለተኛው የውጭው ኮፍያ ነው። የልብስ ማድረቂያ ኮፍያ ርካሽ ስለሆነና በየሱቁ ስለሚገኝ ሰው እሱን አንስቶ ይገጥማል። ያ ኮፍያ ግን ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን አለው። የኛ አየር የሚሄደው ወደ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ማራገቢያው በሳበ ቁጥር ክዳኑ ይበልጥ ይዘጋል። ምድጃው ታንቆ ይቀራል፣ እናንተም ችግሩን ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። ክዳን የሌለው፣ ሩብ ኢንች ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወንፊት የተገጠመለት ኮፍያ ነው የሚሆነው። ወንፊቱ አይጥና ወፍ ይከለክላል። ከዚያ የደቀቀ ወንፊት ግን በአቧራና በበረዶ ቶሎ ይደፈናል።

ቦታ መምረጥ

ሥራው የሚበላሸው ወይም የሚያምረው እዚህ ላይ ነው፣ አትቸኩሉ።

በጣም ጥሩው መንገድ አጭሩና ቀጥ ያለው ነው፣ ማለትም ከምድጃው ጀርባ በቀጥታ ወደ ውጭ። እያንዳንዱ መታጠፊያ አየሩን ያዳክማል።

የውጭው ጫፍ የጭስ ቱቦው በሚወጣበት ግድግዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ምክንያቱ ነፋስ ነው። ነፋስ የቤቱን አንድ ጎን ሲገፋ በሌላው ጎን በኩል ይስባል። ማስገቢያው በሚስበው ጎን፣ ጭስ ማውጫው በሚገፋው ጎን ከሆኑ ነፋሱ ከማራገቢያው ጋር ይታገላል። ሁለቱ አንድ ግድግዳ ላይ ሲሆኑ ግን ነፋሱ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል። ይሁን እንጂ አይጠጋጉ፣ አለዚያ ምድጃው የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል። መጽሐፋችሁ የሚለውን ርቀት ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ማስገቢያው ከጭሱ በታች ይሁን እንጂ በላይ አይሁን፣ ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ።

ከመሬት ያለውን ከፍታ ስታስቡ በአካባቢያችሁ በረዶ የሚቆለለውን አስቡ። ሐምሌ ላይ ቆማችሁ ስታዩት በቂ የሚመስል ከፍታ ጥር ላይ በረዶ ይውጠዋል። ከጣሪያ ተንሸራቶ የሚወርደው በረዶ የሚያርፍበትንም ቦታ ሽሹ። መኪና ተነስቶ ከሚሞቅበት፣ ከልብስ ማድረቂያው ማውጫና ከጋዝ ቆጣሪው አጠገብም አትውሰዱት።

አየሩን ከጋራዥ ወይም ከጣሪያ ሥር ካለው ባዶ ቦታ መሳብ ክልክል ነው። ጋራዥ ውስጥ የቤንዚን ትነት አለ። ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ ደግሞ መብራት ሲጠፋ እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ትኩስ ጋዝ ወደ ላይ ይስባል፣ በእንጨትና በኢንሱሌሽን መሃል። ምድጃው ከመሬት በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ከሆነና ቱቦው የግድ ሽቅብ መውጣት ካለበት ይህን ሥራ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ስጡት።

በመጨረሻ ግድግዳው ውስጥ ያለውን እወቁ። በአሜሪካ ቤቶች ቋሚ እንጨቶቹ ብዙውን ጊዜ ከመሃል እስከ መሃል 16 ኢንች ይራራቃሉ፣ በመፈለጊያ መሣሪያ አግኟቸውና በሁለቱ መካከል ቅደዱ። ሶኬት ካለ ከሱ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚሄድ ሽቦ አለ ብላችሁ ገምቱ። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ቀለሙ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ሊሆን ይችላል፣ አቧራውን ልጆች እንዳይነኩት ተጠንቀቁ።

መቅደድ

ምድጃው ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ከሶኬት ተነቅሎ መሆን አለበት። የዚያን ግድግዳ መስመር ከፊዩዝ ሳጥኑ አጥፉና በባትሪ የሚሠራ ድሪል ተጠቀሙ። ምድጃውን ለብቻችሁ አትጎትቱ። ከባድ ነው፣ የጭስ ቱቦውም መገጣጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል።

የማስገቢያውን መሃል በሜትርና በውሃ ልክ ለክታችሁ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። ረጅምና ቀጭን መብሻ ይዛችሁ ከውስጥ እስከ ውጭ ብሱ፣ ውሃ ወደ ቤት እንዳይገባ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ አድርጉት። ወጥታችሁ እዩ። መብሻው ያሰባችሁት ቦታ ነው የወጣው? ካልሆነ አሁን ማስተካከል ይቻላል፣ ትንሽ ቀዳዳ በሲሊኮን ይደፈናል። ትልቁ ከተቆረጠ በኋላ ግን ወዮላችሁ።

ከዚያ ሆል ሶው የሚባለውን ክብ መጋዝ ከላሜራው እጅጌ በጥቂቱ የሚሰፋውን መርጣችሁ ከውስጥ በኩል ጂፕሰሙን ብቻ ቁረጡ። እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት በባትሪ እያበራችሁ ውስጡን እዩ። ሽቦ ወይም ቧንቧ ካለ አቁሙ። ከሌለ ወደ ውጭ ሂዱና የውጩን ክፍል ከውጭ በኩል ቁረጡ፣ በሁለቱም ጎን ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ሳይዲንግ የሚባለው የውጭ ግድግዳ የፕላስቲክ ልባስ በብርድ ጊዜ ስለሚሰነጠቅ ድሪሉን በተቃራኒ አቅጣጫ እያሽከረከራችሁ ቀስ ብላችሁ ቁረጡት። ጡብ ከሆነ ተራ ድሪል አይበቃም፣ የሚመታ ድሪልና የጡብ መቁረጫ ከኪራይ ቤት ተከራዩ። ጭንብልና መነጽር አድርጉ።

እጅጌውን አስገቡና በዙሪያው የቀረውን ክፍተት በፋይበር ጠቅጥቁት። የውጭውን ኮፍያ ከመግጠማችሁ በፊት ጀርባውን ሲሊኮን ቀቡት፣ ከላይና ከሁለቱ ጎኖች ብቻ። የታችኛውን ተዉት፣ ከኋላ የገባ ውሃ ካለ በዚያ ይወርዳል። በውስጥ በኩል ግን የግድግዳ ሳህኑን ዙሪያውን በሙሉ ዝጉት፣ አለዚያ ብርዱ በቱቦው ጎን ይገባና ልፋታችሁ ከንቱ ይሆናል።

ማገናኘት

ተጣጣፊውን ቱቦ እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ከዚያ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ቁረጡ። ያልተዘረጋ ቱቦ ውስጡ እጥፋት ስለሚበዛው አየሩ እንደ ልብ እንዳያልፍ ያግደዋል። የተጨፈለቀ ወይም መሃሉ ላይ የወረደ ቦታ አይኑረው። አንዱን ጫፍ በምድጃው ማስገቢያ፣ ሌላውን በእጅጌው ላይ አጥልቃችሁ በፋሼታ አጥብቁ፣ በላዩ የአሉሚኒየም ቴፕ ዙሩበት። ተራው ግራጫ የጨርቅ ቴፕ በሙቀት ይላቀቃል፣ እሱን አትጠቀሙ።

አንዳንድ ምድጃ ማስገቢያው ላይ ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከማስገቢያው ሌላ በሌላ ቀዳዳም ይስባል። መጽሐፉ ዝጉ ካላለ አትዝጉት።

ቱቦው የጭስ ማውጫውን እንዳይነካ። የፔሌት ጭስ ቱቦ ብዙ ጊዜ ከሚቃጠል ነገር ቢያንስ 3 ኢንች እንዲርቅ ይጠየቃል፣ ትክክለኛው ቁጥር ቱቦው ላይ ተጽፏል። በመጨረሻ ኢንሱሌሽኑን አልብሱት። ውጭ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ያ ቱቦ በሞቀው ክፍል ውስጥ ላብ ያወጣል፣ ውሃው ወለል ላይ ይንጠባጠባል፣ ከቆየ ሻጋታ ይሆናል።

ፍተሻ

መጀመሪያ ምድጃውን አስነሱና እሳቱ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ ሰንደል ለኩሱና በቱቦው መገጣጠሚያዎች ዙሪያ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ጭሱ ወደ መገጣጠሚያው ከተሳበ ያ ቦታ ያፈስሳል፣ እንደገና አጥብቁ። የምድጃው በር ማሸጊያ ገመድም አርጅቶ ሊሆን ይችላል። የዶላር ኖት በበሩ መሃል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በቀላሉ ከወጣ ገመዱ መቀየር አለበት።

ነበልባሉን እዩት። ደማቅ ቢጫ፣ ቶሎ ቶሎ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አየሩ ደህና ነው። ብርቱካናማ፣ ሰነፍ፣ ጫፉ ጥቁር ከሆነ አየር አንሶታል። ያኔ ወንፊቱን፣ የተጨፈለቀ ቦታ መኖሩን፣ የማቃጠያውን ቀዳዳዎች አመድ መድፈኑን በዚህ ቅደም ተከተል አረጋግጡ። ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ የአየር መቆጣጠሪያውን ትንሽ ክፈቱ።

አሁን ዋናው ፈተና። ምድጃው እየነደደ በርና መስኮት ዝጉ፣ የኩሽናውን መሳቢያ እስከ ከፍተኛው፣ የመታጠቢያ ቤቶቹን ማራገቢያዎች፣ የልብስ ማድረቂያውን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አስነሱ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ነበልባሉ ካልተለወጠ ምድጃችሁ ራሱን ችሏል ማለት ነው። በጋዝ የሚሠራና ጭሱ በራሱ ሽቅብ የሚወጣ ቦይለር ካላችሁ እሱን ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ አስነሱና ሰንደሉን ከላዩ ያለው የጭስ መሰብሰቢያ ጠርዝ ላይ ያዙት። ጭሱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት። ወደ እናንተ ከተገፋ ማራገቢያዎቹን አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱና ባለሙያ ጥሩ። የዘረጋነው ቱቦ ለምድጃው ነው፣ የኩሽናው መሳቢያ የሚፈጥረውን ችግር አይፈታም። እሱ የራሱ አየር ማስገቢያ ይፈልጋል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በየፎቁ፣ በተለይ መኝታ ቤቶች አጠገብ ይኑር። ይህን ከቱቦው በፊት ብትገዙት እንኳ ደስ ይለኛል። መብራት ሲጠፋም እንዲሠራ ባትሪ ያለው ይሁን።

ከዚያ በኋላ

ከገጠማችሁ በኋላ ምድጃው በራሱ እየጠፋ የግፊት ስህተት ካሳየ ብዙ ጊዜ ወይ ቱቦው ረዝሟል፣ ወይ ወንፊቱ ተደፍኗል። ለሙከራ ቱቦውን ከምድጃው ነቅላችሁ አስነሱት፤ ከሠራ ችግሩ ቱቦው ውስጥ ነው፣ ካልሠራ ደግሞ ምድጃው ራሱ ጽዳት ይፈልጋል። ሙከራው ሲያልቅ መልሳችሁ ግጠሙት።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ እሳቱን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ወንፊቱን በብሩሽ ጥረጉት። በበጋው ተርብና ሸረሪት ቤት ይሠሩበታል። ከባድ በረዶ በጣለ ማግስት አካፋ ይዛችሁ በረንዳውን ስትጠርጉ የማስገቢያውንም ዙሪያ አብራችሁ ጥረጉ።